የተመለሰ እጅ አያታልላችሁ

ይህን የምጽፈው ለመካነ ሰላምና ለቦረና፣ ለሳይንት፣ ለወግዲ፣ ለከላላና ለለጋምቦ ሰዎች ነው፤ ለገበሬውም ለነጋዴውም። ደሴና አዲስ አበባ፣ ጅዳና ዋሽንግተን ለተቀመጣችሁ ልጆቻቸውም ነው። ነጭ ጋውን ለብሳችሁ በየጤና ጣቢያው ሕመምተኛ ለምትቀበሉም ነው። ቃሌ ይጎረብጣል፤ ይጎርብጥ። በለስላሳ ቃል ስንመካከርበት የከረምነው ጉዳይ ነው፤ የተለወጠ ነገር ግን አላየሁም።

የማወራው ስለ ቀላሉ ስትሮክ ነው። እንዲህ ይጀምራል። አባት ማለዳ ከመኝታው ሲነሳ ቀኝ እጁ ይዝላል። ያነሳው ስኒ ከጣቱ ያመልጣል። አፉ በአንድ ወገን ሸፈፍ ይላል፤ ምላሱ ይተሳሰራል። ቤቱ ይደነግጣል። ረፋዱ ላይ እጁ መለስ ይላል፣ ቃሉም ይጠራል። በዚህ ጊዜ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዱ ብርድ ነው ይላል፣ ሌላው ምች፣ ሌላው የሰው ዓይን። ጤና አዳም ይታሻል፤ ዋግምት የሚያውቅ ሰው ይጠራል። ጎረቤቱ ቡናው ላይ ተሰብስቦ «አብሽር፣ አለፈ» ይለዋል። እሱም አለፈ ብሎ በማግስቱ በሬውን ጠምዶ ይወጣል። በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ከእርሻው በቃሬዛ ይመለሳል። ቀኝ ጎኑ አይንቀሳቀስም፤ አንደበቱ ተዘግቷል። ያኔ መኪና ይፈለጋል፤ ያኔ ገንዘብ ይዋጣል፤ ያኔ ለልጆች ይደወላል።

በመጀመሪያው ማለዳ ሕክምና አልመረጥንም እንዳትሉኝ። መርጣችኋል። «ካልባሰበት ምን አስኬደው» ብላችሁ ቤት ማስቀመጥን መርጣችኋል። ይህ ውሳኔ ነው፤ የሰው ጎን፣ የሰው አንደበት፣ አንዳንዴም የሰው ነፍስ ያስከፍላል። የወሰናችሁትም አንዳች ሳትመረምሩ፣ እጁ ጨበጠ አልጨበጠ የሚለውን ብቻ አይታችሁ ነው።

እጁ መጨበጡ ምን እንደማይናገር ስሙ። በረጋ ደም የሚመጣው ስትሮክ ወደ አንጎል ደም የሚወስድ ቧንቧ ሲደፈን የሚደርስ ነው። ከወንዝ የተጠለፈ ዋና ቦይ ሲደፈን ማሳው ወዲያው አይደርቅም፤ ከጎረቤት ማሳ በትንንሽ መስመር የሚሾልክ ውሃ ለጥቂት ቀን አረንጓዴ አድርጎ ያቆየዋል። አንጎል ውስጥም ዋናው ቧንቧ ተዘግቶ ሳለ ከጎኑ ያሉ ቀጫጭን ቧንቧዎች ደም እያቃመሱ የተጎዳውን ክፍል ሊያቆዩት ይችላሉ። በሽተኛው እጁን የሚያነሳው በዚህ በተውሶ ደም ነው። የደም ግፊቱ በድንገት ከወረደ፣ ሰውነቱ ውሃ ካነሰው፣ የረጋው ደም ትንሽ ከተስፋፋ ተውሶው ይቆማል። ሐኪሞች የስትሮክን ክብደት ከ0 እስከ 42 በሚደርስ ነጥብ ይለካሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 5 ያለው ቀላል ይባላል። ነጥቡ የሚቆጥረው በሰዓቱ የሚታየውን ድክመት ነው። 2 ነጥብ ብቻ የተሰጠው ሰው ትልቁ የአንጎል ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል። እናንተ ከቡና ረከቦቱ ማዶ ተቀምጣችሁ ይህን በምን ዓይናችሁ አያችሁት?

አደጋው የሚያንዣብብበት ጊዜ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ቀላል ስትሮክ በያዘው ወይም ለአጭር ጊዜ ይዞ በለቀቀው ሰው ላይ ከባዱ ምት ከመጣ፣ በብዛት የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት አለ፤ ሳነበው ያመመኝ ጥናት ነው። በመጀመሪያው ዙር እንዲህ ያሉ ሕሙማን ወደ ክሊኒኩ በቀጠሮ ይመጡና መድኃኒቱን በኋላ ከየመንደራቸው ሐኪም ይቀበሉ ነበር፤ የመጀመሪያው ማዘዣ እስኪጻፍ በመካከለኛ ስሌት 20 ቀን ይፈጅ ነበር። በሁለተኛው ዙር ቀጠሮው ቀረ፤ በመጡበት ቀን ታይተው እዚያው መድኃኒት ተጀመረላቸው፤ 20 ቀን የነበረው 1 ቀን ሆነ። በ3 ወር ውስጥ ዳግም ስትሮክ የያዛቸው ከ100 ሰው 10 ገደማ የነበሩት ወደ 2 ወረዱ። መድኃኒቶቹ አዲስ አልነበሩም። ሐኪሞቹም ያው ናቸው። የተለወጠው ቀኑ ነው። እናንተ በ«እስቲ እንየው» የምታሳልፉት ሳምንት ያንኑ ልዩነት የሚበላ ሳምንት ነው።

«ሩቅ ነን» ትላላችሁ። አውቃለሁ። ከመካነ ሰላም ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአቅስታና በጉጉፍቱ ብርድ በኩል። የቀበሌው መንገድ መካነ ሰላም እስኪያደርስ ያለውን ደግሞ እናንተ ታውቁታላችሁ። ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት ያለበት፣ የረጋ ደም የሚያሟሟው መርፌ ለደጋው ሰው ብዙ ጊዜ አይደርስም። በእግር ቧንቧ በኩል ቀጭን ቱቦ እስከ አንጎል አስገብቶ የረጋውን ደም ጎትቶ የሚያወጣው ሕክምና አዲስ አበባ ውስጥ የተጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው፤ ዋጋውም ለብዙ ቤት የሚቀመስ አይደለም። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። የማልቀበለው ከዚህ ተነስታችሁ የምትደርሱበትን መደምደሚያ ነው። «ትልቁ ሕክምና ካልደረሰን ትንሹ ምን ያደርግልናል» ማለታችሁ ነው ስህተቱ።

ባለፉት ዓመታት ቀላል ስትሮክ ላይ የተሠሩት ታላላቅ ጥናቶች የተናገሩት የዚህን ተቃራኒ ነው። አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ ድክመታቸው ሥራ የማያስፈታ 313 ሕሙማን ገሚሱ አልቴፕሌዝ የተባለውን የሚያሟሟ መርፌ፣ ገሚሱ አስፒሪን ወሰዱ። መርፌው ብልጫ አላሳየም፤ አንጎል ውስጥ ምልክት ያመጣ የደም መፍሰስ ግን መርፌውን ከወሰዱት ከ100 ሰው በ3ቱ ላይ ደረሰ፣ አስፒሪን በወሰዱት ላይ አንድም አልደረሰም። ቻይና ውስጥ 760 ሰዎች የተካተቱበትና እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ጥናት፣ አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል የተባሉት ክኒኖች አንድ ላይ ሲሰጡ ውጤታቸው ከመርፌው የማያንስ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ደግሞ በቀጥታ የኛን ጥያቄ የጠየቀ ነው፤ ስትሮኩ ቀላል፣ የአንጎሉ ቧንቧ ግን በምስል ተዘግቶ የታየ 886 ሰዎች በ10 አገሮች ተመለመሉ። ቴኔክቴፕሌዝ የተባለው አዲሱ መርፌ ከተለመደው የክኒን ሕክምና ጋር ተወዳደረ። ጥናቱ ተስፋ እንደሌለው ታይቶ ሳይጨረስ ቆመ። በ90 ቀን ውስጥ መርፌውን ከወሰዱት 20፣ ካልወሰዱት 5 ሰዎች ሞቱ።

ክኒኑስ? እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የቻይና ጥናት 5170 ሰዎች ነበሩት። ምልክቱ በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ክሎፒዶግሬልና አስፒሪን አንድ ላይ የጀመሩት፣ ሁለቱንም ለ21 ቀን ወስደው ከዚያ በአንዱ የቀጠሉት፣ በ3 ወር ውስጥ ዳግም ስትሮክ የያዛቸው ከ100 ሰው 8 ናቸው። አስፒሪን ብቻ ከወሰዱት ወደ 12 የሚጠጉት ተይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ የመራው ሌላ ጥናትም በ4881 ሰዎች ላይ ይህንኑ ጥቅም አረጋገጠ፤ ሁለቱን ለወራት አብሮ መውሰድ ግን የደም መፍሰስን እንደሚያበዛ አስጠነቀቀ።

እንግዲህ አስተውሉ። ለቀላሉ፣ ሥራ ለማያስፈታው ስትሮክ ከሁሉ የተሻለው ሕክምና በሚሊዮን ብር የሚገዛ መሣሪያ አይደለም። ካርቶን ውስጥ ተቀምጦ ከተማ የሚሸጥ ክኒን ነው። የተሰጠው ጊዜም 4 ሰዓት ተኩል ሳይሆን 24 ሰዓት ነው። በ24 ሰዓት ከቦረና ደሴ ይደረሳል፤ ለገበያም ለፍርድ ቤትም ትደርሱበታላችሁ። ከእናንተ የሚፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ በዚያው ቀን መነሳት። ርቀቱን የምትከሱት ርቀቱ ባላገደው ነገር ላይ ነው።

«ታዲያ ደሴ ምን ያስኬዳል፣ ክኒኑን ከዚሁ እንግዛ» የሚል ደግሞ ይመጣል። ይህ ሁለተኛው ጥፋት ነው፤ ከመጀመሪያው አይተናነስም። ስትሮክ ቧንቧ ሲደፈንም ይመጣል፣ ቧንቧ ፈንድቶ ደም ሲፈስም ይመጣል። የደም ግፊት ሳይታከም በሚከርምበት በእኛ አገር የፈሰሰው ድርሻ ትንሽ አይደለም። ሁለቱን ከውጭ በእጅ ድክመት፣ በአፍ መሸፈፍ፣ በራስ ምታት ለይቶ የሚያውቅ ዓይን የለም፤ የስፔሻሊስቱም ዓይን ቢሆን። የሚለየው ሲቲ ስካን ነው። ለተደፈነው የሚጠቅመው ክኒን ለፈሰሰው መርዝ ነው። ስለዚህ ክሎፒዶግሬልን ያለ ማዘዣ ከመደርደሪያ አውርደህ የምትሸጥ የመድኃኒት ቤት ሰው፣ ገዝቶ ለሄደው ሰው ምን እንደሸጥክለት አታውቅም። አለማወቅህ ከተጠያቂነት አያድንህም።

ድክመቱ ሥራ ያስፈታል ወይስ አያስፈታም የሚለውም በነጥብ ብቻ የሚወሰን አይደለም። እዚህ ላይ ቤተሰብ የሚናገረው ለሐኪሙ ወርቅ ነው፤ እናንተ ግን ትዘጋላችሁ። በለጋምቦ ደጋ ባና የሚሠራ ሰው ሁለት ጣቱ ብቻ ቢዝልበት በነጥብ 1 ቢሆን ነው፤ እንጀራው ግን ቀርቷል። መሪጌታ ዜማው ቢያዝበት፣ ሼህ ከኪታቡ ግማሹ መስመር ቢጠፋበት፣ አስተማሪ ቃል ቢያጣ ስትሮኩ ቀላል አይባልም። እንዲህ ያለው ሰው በሰዓቱ ከደረሰ የሚያሟሟውን መርፌ ሊያገኝ ይገባዋል። ሐኪሙ «ምን ይሠራ ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ «ገበሬ ነው» ብላችሁ ዝም አትበሉ። ትናንት ዕርፍ ይጨብጥ እንደነበር፣ ዛሬ ሊጨብጥ እንዳልቻለ ተናገሩ። መቼ እንደጀመረውም አትገምቱ፤ መጨረሻ ደህና ሆኖ ያየው ማን እንደሆነና መቼ እንደሆነ ጠይቃችሁ ያዙ።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ልጆቻቸው ልዙር። ከተማና ባሕር ማዶ ያላችሁት በስልክ የምትሰጡት ትእዛዝ ከቤቱ ዝምታ የተሻለ አይደለም። አባታችሁ ሁለት ዓመት ሙሉ የግፊት ክኒን ሲያቋርጥ አልጠየቃችሁም። እጁ የዛለ ቀን ግን «ያንን የሚያሟሟውን መርፌ ስጡት፣ ገንዘብ ችግር አይደለም» ብላችሁ ሐኪሙ ላይ ትጮኻላችሁ። ከላይ የነገርኳችሁን ጥናት ደግማችሁ አንብቡ። ለቀላሉ ስትሮክ ጠንካራው መርፌ 20 ለ5 የሆነ የሞት ልዩነት አሳይቷል። በጠበበ የአንጎል ቧንቧ ውስጥ የብረት መረብ ይግባለት የምትሉም፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው የ451 ሰዎች ጥናት በ30 ቀን ውስጥ ስትሮክ ወይም ሞት የደረሰባቸው መረብ ከገባላቸው ከ100 ሰው 15 ያህል፣ በክኒን ከታከሙት 6 ያህል መሆናቸውን እወቁ። ፍቅራችሁን በሕክምናው ዋጋ አትለኩት። አባታችሁ የሚፈልገው በየወሩ የማይቋረጥ የክኒን ገንዘብና በዚያ ማለዳ ወዲያው የምትልኩት የመኪና ኪራይ ነው። ትልቁ ቧንቧ ተዘግቶ ድክመቱ እየባሰ ከሄደ፣ ያኔ በቱቦ ማውጣቱ ይታሰባል፤ ለዚህም ነው ቀላሉ በሽተኛ ሆስፒታል ተኝቶ በየሰዓቱ መታየት ያለበት። «ተሽሎታል፣ እንውሰደው» ብላችሁ በመጀመሪያው ምሽት ፈርማችሁ አታስወጡት።

የእናቶች ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነው። እናት እጇ ሲዝል «ተሽሎኛል» የምትለው ስለተሻላት አይደለም። እንጀራው እንዳይቀር፣ ልጁ እንዳይርበው፣ ለእሷ ተብሎ በግ እንዳይሸጥ ነው። እናንተም ቃሏን ትቀበላላችሁ፤ መቀበሉ ስለሚቀላችሁ። በሠላሳና በአርባ ዓመቷ ስትሮክ የያዛትን ሴት ካያችሁ ልቧን አስመርምሩ። በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ትቶት የሚሄደው የሩማቲክ የልብ ሕመም በአገራችን ብዙ ነው። የልብ በሯ ጠቦ፣ ምቷ ተዛብቶ አንጎሏን የመታው ከልቧ የተነሳ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ለእሷ አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል አይበቁም፤ ዋርፋሪን የሚባለው ክኒን ያስፈልጋታል፤ ደሟም በየጊዜው መለካት አለበት። አፍሪካን ጨምሮ በብዙ አገሮች ከ4500 በላይ እንዲህ ያሉ ሕሙማን ላይ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት፣ ከአዲሱና ከውዱ ክኒን ይልቅ አሮጌው የዋርፋሪን ወገን ብዙ ሰው በሕይወት እንዳቆየ አሳይቷል። ልቧ ሳይደመጥ የተሰጣት ክኒን ምርጫ አይባልም።

በአገራችን ታሪክ ይህን በሽታ በአልጋ ላይ ያየነው በትልቁ ቤት ነው። ዳግማዊ ምኒልክን የጣላቸው በአንድ ሌሊት የመጣ ምት አልነበረም። ደጋግሞ መታቸው፤ ጥቅምት 1902 ዓ.ም. የመጣው ከባዱ አንደበታቸውንና አካላቸውን ያዘ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ አገር ያለ መሪ ቃል ቆየች፤ አልጋውን ለወሎው ራስ ሚካኤል ልጅ ለልጅ ኢያሱ አውርሰው፣ ቤተ መንግሥቱ በሹክሹክታ ተመላ። ያኔ ሲቲ ስካን አልነበረም፤ የደም ግፊትን የሚያወርድ ክኒን አልነበረም፤ አስፒሪን ለዚህ እንደሚጠቅም የሚያውቅ በዓለም ላይ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ያላገኙትን የእናንተ አባት ሊያገኘው ይችላል። ለዚያ ነው የእናንተ መዘግየት ከዚያ ዘመን የከበደብኝ።

ጠበልና ዱዓ ከዚህ ጋር የሚጋጩ የሚመስላቸው አሉ። እኔ በእምነታችሁ ላይ ቃል የለኝም። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ኤች አይ ቪ ያለባቸው ምእመናን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል፤ አንዱ ሌላውን እንደማያስቀር። ነቢዩ ሙሐመድም መታከምን ማዘዛቸውን ዑለሞቻችን ያስተምራሉ። የሚያስቆጣኝ ሽማግሌዎች ተሰብስበው «ጠበሉን ይጨርስና ከዚያ» ብለው ቀን ሲቆርጡ ነው። ሰባት ቀን ወይም ሁለት ሱባኤ ብሎ የስትሮክን ሕክምና ማዘግየት ከሃይማኖት የተገኘ ትእዛዝ አይደለም። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ አፉ የሸፈፈ ሰው በትክክል መዋጡ ሳይታወቅ ጠበልም ውሃም ወተትም አፉ ውስጥ አታፍስሱ። ወደ ሳንባው ይገባል፤ በስትሮክ ሳይሆን በሳንባ ምች ይሞትባችኋል።

መንገድ ተዘግቶ፣ ተኩስ ፈርቶ ቤት የቀረውን ግን አልወቅስም። በአማራ ክልል መንገድ መውጣት ራሱ ሞት የሆነበት ቀን ብዙ ነው፤ ደሴ ሆስፒታልም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘርፎ መልሶ መቆም ነበረበት። እንዲህ ባለው ቀን ያላችሁ ሐኪሞች ባላችሁ ነገር መዝኑ፣ በስልክም ቢሆን አማክሩ። የምወቅሰው መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን ተቀምጦ የዋለውን ነው።

የቅሬ ዳኞች፣ ለእናንተም ቃል አለኝ። ሰው ሲሞት ቅሬው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሰበሰባል። ድንኳን ይተከላል፣ ገንዘብ ይዋጣል፣ ሬሳ ከደሴም ከአዲስ አበባም በመኪና ይመጣል፤ ያልመጣ ይቀጣል። ያ ሰው ከአምስት ቀን በፊት እጁ ሲዝል ይህ ሁሉ ጉልበት የት ነበር? አስከሬኑን ለማምጣት የተዋጣው ብር እሱን በሕይወት ደሴ አድርሶ ሲቲ ስካኑን ከፍሎ የአንድ ዓመት ክኒኑን ይገዛለት ነበር። በቃሬዛ ሕመምተኛ መሸከም ከአባቶቻችሁ የወረሳችሁት ወግ ነው፤ ቃሬዛውን ለመቃብር ብቻ ያስቀራችሁት እናንተ ናችሁ። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ደንቡን አሻሽሉ፤ ለታመመው የመኪና ገንዘብ ከሣጥኑ በዕለቱ ይውጣ፤ ለማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ ያልከፈለ አባወራ ካለ ቅሬው ይጠይቀው።

ከሕክምና በኋላ ያለው ስንፍና ሌላ ነው። ሁለቱ ክኒኖች አብረው የሚወሰዱት ብዙውን ጊዜ ለ21 ቀን ነው፤ የአንጎል ቧንቧ ክፉኛ የጠበበበት ሰው እስከ 3 ወር ሊባል ይችላል። ከዚያ አንዱ ይቀራል፣ ሌላው ይቀጥላል። እናንተ ግን ወይ ሁለቱንም ከ10 ቀን በኋላ ትጥላላችሁ፣ ወይ ሁለቱንም ለዓመት ትወስዱና ጨጓራው ሲደማ ትመጣላችሁ። ስብን የሚቀንሰው አቶርቫስታቲን «ለወፍራም ሰው ነው» ተብሎ ይቀራል። የግፊት ክኒን ደግሞ «ደህና ስሆን ተውኩት» ይባላል። ደህና የሆናችሁት ስለወሰዳችሁት ነው። ልኬቱ ከ140/90 በላይ እየደጋገመ ለሚመጣ ሰው ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው የክኒን ምትክ አይሆኑም። ቡናውንም በጨው መጠጣቱን አቁሙ፤ የወሎ ወግ መሆኑን አውቃለሁ፣ እኔም የሚናፍቀኝ ጣዕም ነው፤ ግን ግፊት ያለበትን ሰው እያያችሁ በእጃችሁ ጨው አትቀዱለት።

በመጨረሻ ወደ እናንተ የሙያ ሰዎች እመጣለሁ፤ የእናንተ ጥፋት የሚብሰው እያወቃችሁ ስለሆነ ነው። እጁ የዛለ ሰው ሲመጣ ቫይታሚን ቢ ወግታችሁ፣ ግሉኮስ ሰቅላችሁ አትሸኙት። ቫይታሚኑ የተደፈነ ቧንቧ አይከፍትም፤ ስኳር የበዛበት ደም ደግሞ የተጎዳውን አንጎል ይጎዳል። መጀመሪያ የደም ስኳሩን ለኩ፤ ስኳር ማነስ ራሱ ስትሮክ መስሎ ይመጣል፣ ያኔ ግሉኮሱ ተገቢ ይሆናል። ግፊቱ 190 ሆኖ ስታገኙት ደንግጣችሁ ናይፌዲፒን ከምላሱ ሥር አታድርጉ። በተደፈነው ቧንቧ ዙሪያ ያለው አንጎል የሚኖረው በዚያ ግፊት ነው፤ በድንገት ስታወርዱት ቀላሉን ስትሮክ በእጃችሁ ከባድ ታደርጉታላችሁ። የሚያሟሟ መርፌ የማይሰጠውና ስትሮኩ ከመደፈን የመጣ መሆኑ የታወቀ ሰው እስከ 220/120 ድረስ በመጀመሪያው ቀን ይታገሡታል፤ የፈሰሰ ከሆነ ሕጉ ሌላ ነው፤ ለዚህም ነው ምስሉ የሚቀድመው። ግንባሩን መጨማደድ የሚችል፣ አፉ ብቻ የሸፈፈ ሰው ሲመጣ «የፊት ነርቭ ነው» ብላችሁ አትመልሱት።

የወረዳውን አምቡላንስ «ለወላድ ብቻ ነው» ብላችሁ አትከልክሉ። ሪፈር ስትጽፉ «የግራ ጎን ድካም፣ ለተሻለ ሕክምና» ብላችሁ አታሳጥሩ። በሽተኛው መጨረሻ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ከቀኑ ወይም ከሌሊቱ መሆኑን ለይታችሁ ጻፉ። የደም ግፊቱን፣ የደም ስኳሩን፣ የልብ ምቱ ትክክል መሆን አለመሆኑን ጻፉ። የሚሠራውን ሥራና ዛሬ መሥራት ያቃተውን ነገር ጻፉ። የሰጣችሁትን መድኃኒት ከነመጠኑ ጻፉ፤ አስፒሪን ካልሰጣችሁም አልተሰጠም ብላችሁ ጻፉ። ደሴ ላይ ተቀብሎ የሚያየው ሐኪም በእኩለ ሌሊት ሕክምናውን የሚመርጠው ከዚያ ወረቀት ላይ ነው።